ጅብራ መሀል አዲስ አበባ ይበቅላል?

የቸርችሏ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም የዕፅዋት ወዳጆች። መሥሪያ ቤታችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከበሩ በስተግራ አንዲት የአበባ መደብ አለች። የነበረው ዘንባባ ደርቆ ተነቀለና አሁን ባዶዋን ናት። አለቃችን «ዘንባባ በቃን፤ አገር በቀል የሆነ፣ ግርማ ያለው ነገር ይተከል» አሉና ሥራውን እኔ ላይ ጣሉት። ለምን እኔ? ጠረጴዛዬ ላይ አበባ ስለማስቀምጥ ይመስለኛል።

ከዚያ አንዱ ባልደረባችን ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር የሰሜን ተራሮችን ፎቶ አሳያቸው። ያ ከቅጠሉ መሀል ረጅም ምሰሶ የሚያወጣው። ጅብራ። ፎቶውን ካዩ ወዲህ ሌላ ወሬ አይሰሙም።

እኔም ጠይቄ ጠይቄ አንድ ችግኝ ሻጭ «የጅብራ ችግኝ አለኝ» አለኝ። አንዱ 1,500 ብር። አለቃችን አምስት ይገዛ እያሉ ነው። ለናሙና አንድ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፣ ፎቶው ከታች አለ። ይሄ ነገር እዚህ ይይዛል? አበባውንስ ለማየት ስንት ዓመት ይጠበቃል?

ካዛንቺስ_ነባር
ማክሰኞ፣ 3፡25

ልጄ፣ «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ!» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። መሥሪያ ቤት በር ላይ ደግሞ ሳይተከልም የሚገተር ሞልቷል። 1,500 ብሩን ለቡና አድርጉት።

ኔትወርክ_የለም
ማክሰኞ፣ 3፡31

ጋሼ ሃሃሃ። እኔ ግን ልጠይቅ። እኛ ኮንዶሚኒየም አጥር ዳር ቅጠሉ ወፍራም፣ አምና ደግሞ ከመሀሉ ሁለት ፎቅ የሚያህል እንጨት አውጥቶ ያበበ ነገር አለ። ካበበ በኋላ ደረቀ። እሱ ጅብራ አይደለም እንዴ? ከሆነ እኮ ይበቅላል ማለት ነው።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 4፡02

ኔትወርክ፣ ያንተ ቃጫ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው። እሱም አንዴ አብቦ ስለሚሞት ሰው ያምታታል። ግን ዝምድና የላቸውም።

የቸርችሏ፣ ፎቶሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ስለዚህ ሦስት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ የቅጠሉ ጫፍና ዳር እሾህ አለው? ሁለተኛ፣ ከታች ያለውን አሮጌ ቅጠል ትንሽ ቁረጪው። ጅብራ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ሦስተኛ፣ የተቆረጠውን ጠምዝዘሽ ሳቢው፣ ክር ክር ይላል?

ወተት ካለው እጅሽን ታጠቢ፣ ዓይንሽንም አትንኪ። ጅብራ ያለበት የሎቤሊያ ወገን ወተቱ መርዝነት አለው። ተራራ ላይም ከብት ሲግጠው ብዙ የማይታየው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የቸርችሏ
ማክሰኞ፣ 4፡40

ጫፉ መርፌ ነው፣ ጣቴን ወጋኝ። ዳርና ዳሩም የመጋዝ ጥርስ አለው። ቆረጥኩት፣ ወተት የለም፤ ውሃ ነገር ነው የወጣው። ስስበው ነጭ ክር ተንጠለጠለ። የጽዳት ሠራተኛችን አይታ «ይሄማ ገመድ የሚገመድበት ነው» አለች።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 4፡48

ልክ ናት። ቃጫ ነው። አራቱን አትግዢ። የያዝሽውንም በር ላይ አትትከይው፣ ባለጉዳይ ይወጋል።

ሸገር_በእግሩ
ማክሰኞ፣ 5፡15

እኔ ዋናው ጥያቄ እንዲመለስ ነው የምፈልገው። እውነተኛው ጅብራ ቢገኝስ? አዲስ አበባ እኮ ቀላል ከፍታ ላይ አይደለችም። አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል። ቆላ አይደለንም።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 7፡30

ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለየትኛው እንደምናወራ እንለይ። አገራችን ውስጥ ሰው ጅብራ የሚላቸው ከአንድ በላይ ናቸው። ካላንደር ላይ ያለው ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ሰሜን ተራሮች፣ ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ የመንዝ ጓሳ፣ አርሲ፣ ባሌ፤ ከፍ ያሉት ተራሮች ላይ ሁሉ አለ። ደህና ሆኖ የሚታየው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ባሌ ያለው የሰነቲ ሜዳ ላይ ደግሞ 4,000 አልፎም በሽ ነው።

አሁን ሸገር ወዳልከው ልምጣ። ትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሱ፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። መሀል አዲስ አበባ የወይና ደጋና የደጋ ድንበር ላይ ናት። ጅብራ የውርጭ አገር ሰው ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይወርዳል። ከአራት ኪሎ እስከ ሰነቲ 1,600 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ ከእኛ ጋ ሲነጻጸር እዚያ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

ደግሞ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ አመጣጡ ነው። አውሮፓ ቢሆን ክረምት ይመጣል፣ ወራት ይቆያል፣ ይሄዳል። ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። የእኛ ተራራ ላይ ግን ወቅቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይገለባበጣል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ቅጠል አራግፎ መተኛት አያዋጣም፤ ጠዋት ሥራ አለ። ጅብራ ቅርጹን ያገኘው ከዚህ ኑሮ ነው። ለጋው እምቡጥ መሀል ላይ ነው፣ ቅጠሎቹ ደራርበው ይሸፍኑታል። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ።

ከፍ ማለቱም በከንቱ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ከሁሉ የሚቀዘቅዘው መሬት ላይ የተኛው አየር ነው። ሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ራስ ከዚያ ይተርፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በትክክል እዚህ ላይ ነው፤ ባሌ ወጥተው ጅብራ ዛፍ መምሰሉ ምን እንደሚጠቅመው ለኩ።

ስለዚህ ቸርችል ጎዳና ላይ ሕንፃና አስፋልት ሌሊቱን ሙቀት በሚተፋበት ቦታ? አልመክርም። ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችል ይሆናል። ካላንደሩ ላይ ያለውን ግን አትጠብቁ።

ደባርቄው
ማክሰኞ፣ 8፡05

አፈር ገፊ ጥሩ አስረዳህ። እኔ አገሬው ነኝ፤ አሁን ኑሮዬ ፒያሳ ነው። ልጅ ሳለን ከሰንቀበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ከብት ስንነዳ ጅብራ ሥር እንውል ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ቅጠሉን በዱላ ስትመታው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። አመዳዩ በላዩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስታርፍበት ይንጠባጠባል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነካው ነው። ሌላ ተክል ቢሆን ጠቁሮ ያድር ነበር።

አበባው ደግሞ በፎቶ የሚታየውን አይደለም። ከሩቅ ግራጫ ምሰሶ ነው የሚመስልህ። ቀርበህ ስታይ ነው ከቅጠላ ቅጠሉ ሥር ሐምራዊው የሚወጣው። ተራ በተራ ከታች ወደ ላይ ይከፈታል። ትንንሽ ወፎች አሉ፣ ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ወንዱ ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊና አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ። ግንዱ ላይ ተጣብቀው ወለላውን ይመጣሉ። አንድ ጅብራ ላይ ሁለት ወንድ ከመጣ ጠብ ነው።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 8፡12

አዎ፣ ወፏ በተከዜ ስም የተጠራችው ሳትሆን አትቀርም። ሳይንሱም በስሟ ውስጥ ተከዜን ነው ያስገባው።

ካዛንቺስ_ነባር
ማክሰኞ፣ 8፡20

ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ከዚያ አንዴ አብቦ መሞት? ይሄ ነገር ከኪሳራ ውጭ ምን ትርፍ አለው? የምር ነው የምጠይቀው።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 8፡55

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ሳይንቲስቶችም ብዙ አብሰልስለውታል። ኬንያ ተራራ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። ሁለቱም ግዙፍ ሎቤሊያ ናቸው። አንዱ እርጥብ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ደጋግሞ ያብባል። ሌላው ደረቅ ተዳፋት ላይ ነው፣ ነጠላ ነው፣ አንዴ አብቦ ይሞታል። ትሩማን ያንግ የሚባሉ ተመራማሪ ሁለቱን ለዓመታት ተከታተሏቸው። ነገሩ ሂሳብ ነው። እርጥብ ቦታ ያለው ዘንድሮ አብቦ ለሚቀጥለው የመድረስ ዕድሉ ጥሩ ስለሆነ ከፋፍሎ ያወጣል። ደረቅ ቦታ ያለው በሁለት አበባ መሀል ያለው ጊዜ ስለሚረዝም በሕይወት የመቆየት ተስፋው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ያጠራቀመውን በሙሉ አንዴ ያወጣዋል፤ ከጎረቤቱም የበለጠ ዘር ይሰጣል።

የእኛው ሪንኮፔታለም የሁለተኛው ወገን ነው። ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው የሚባለው። ከዚያ አንድ ዘንግ ያወጣል፣ ዘንጉ ብቻውን ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አጠቃላይ ቁመቱ ስድስትና ሰባት ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዘሩ ግን ዱቄት ነው። እጅህ ላይ ብታፈሰው ትንፋሽህ ይወስደዋል።

ስለዚህ ኪሳራ አይደለም ጋሼ። ሙሉ ጡረታውን በአንድ ቀን አውጥቶ ለልጆቹ ያከፋፈለ ሰው ነው።

ካዛንቺስ_ነባር
ማክሰኞ፣ 9፡01

የጡረታን ነገር አታንሳብኝ።

ሸገር_በእግሩ
ማክሰኞ፣ 9፡30

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ፔሩና ቦሊቪያ ተራራ ላይም ፑያ የሚባል አለ፤ ቅርጹ ቁርጥ ይሄው፣ እሱ ጭራሽ 80 እና 100 ዓመት ጠብቆ ነው የሚያብበው ይባላል። ኮሎምቢያም ሌላ አላቸው። በፎቶ ሳያቸው ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር፤ አይደሉም አሉ።

አፈር_ገፊ
ማክሰኞ፣ 9፡41

አይደሉም። ፑያ የአናናስ ዘመድ ነው! የኮሎምቢያው የሱፍ አበባ ወገን ነው። ሁሉም ለየብቻ እዚያው ቅርጽ ላይ ደረሱ። ቀን የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚያረጋ ተራራ ላይ መፍትሔው ጥቂት ነው ማለት ነው።

ኔትወርክ_የለም
ማክሰኞ፣ 11፡15

እሺ ሁሉም ገባኝ። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። መንገድ ዳር የሚተከለው ሁሉ ዘንባባና የውጭ አበባ ነው። ሰዉ ስለ ጅብራ የሚያውቀው ስድቡን ብቻ ነው። በሌላ አገር የትም የሌለ ተክል ይዘን ዋና ከተማችን ውስጥ አንድ የለም። አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው የመስታወት ቤት ሠርቶ ማሳየት ያቅታል?

ሸገር_በእግሩ
ማክሰኞ፣ 11፡40

የመስታወት ቤቱ መብራት ሲጠፋስ?

ኔትወርክ_የለም
ማክሰኞ፣ 11፡42

እሱም አለ።

አፈር_ገፊ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

ኔትወርክ፣ ደርቆ እንኳ ቢሆን መሀል ከተማ ውስጥ አለ። አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ከየአገሩ የተለቀሙ ዕፅዋት ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተሰበሰቡ ተጽፎባቸው የሚቀመጡበት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሁሉ ተዘርዝረው በበርካታ ቅጽ የታተሙትም ይህን ክምችት መነሻ አድርገው ነው። ሥራው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተነሥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከአዘጋጆቹ አንዱ ናቸው። እዚያ መንገድ ላይ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው ግማሹ ይህን ቤት አያውቀውም።

ጅብራን ሉህ ላይ መለጠፍ ግን መከራ ነው። ቅጠሉ ብቻውን 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አጥፈህ ነው የምትለጥፈው። ግንዱንማ ተወው።

የተክሉ የሳይንስ ታሪክ ራሱ ከሰሜን ነው የሚጀምረው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ብዙ ነገር ሰበሰበ። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ደባርቄው
ረቡዕ፣ 3፡05

ለአውሮፓ በል። እኛማ ድሮም እናውቃቸው ነበር።

አፈር_ገፊ
ረቡዕ፣ 3፡07

«ለአውሮፓ ሳይንስ» ነው ያልኩት ወንድሜ።

የቸርችሏ
ረቡዕ፣ 3፡30

ለአለቃችን የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። ቃጫው ላይ ተስማሙ። ጅብራው ላይ ግን «ከደባርቅ አንድ ትንሽ ችግኝ ከነአፈሩ ቢመጣስ?» አሉ። ደባርቅ ዘመድ አላቸው። ምን ልበል?

ደባርቄው
ረቡዕ፣ 3፡34

እንዳይሞክሩት በያቸው። ጅብራ ያለበት ተራራ ፓርክ ነው። ቅጠል መቁረጥ እንኳ ክልክል ነው።

ሸገር_በእግሩ
ረቡዕ፣ 3፡50

ሰሜን ተራሮች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ናቸው ከሚባሉት መዝገብ ውስጥ ነበር። ስንት ተለፍቶ ነው የወጣው። ባሌም በ2023 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ከዚያ ነቅሎ ለመሥሪያ ቤት በር? አለቃሽ ጥሩ ሰው ይመስላሉ፣ አይፍረዱብኝ።

አፈር_ገፊ
ረቡዕ፣ 4፡20

ሕጉን እንተወውና ተክሉ ራሱ ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ደሳለኝ ጫላ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ተክል ላይ ጥናት አሳትሟል። ጥያቄው ዓለም ስትሞቅ ጅብራ የት ይሄዳል የሚል ነው። በአማካይ ያገኙት መልስ፣ በ2080 እ.ኤ.አ. አሁን ከሚስማማው መሬት የሚቀረው 3.4 በመቶ ብቻ ነው። እሱም አራት የተራራ ጫፎች ላይ የተበጣጠሰ። ከዘረመል ብዝኃነቱም 82 በመቶው ይጠፋል።

ይህ ትንበያ ነው፣ በሒሳብ ሞዴል የተሠራ። ግን አመክንዮው ግልጽ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቆለኛው ተክል ወደ ደጋ ይወጣል፣ ደገኛው ወደ ውርጭ። አናት ላይ ያለው ግን ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሬት የለውም። ከታች ደግሞ እርሻና ግጦሽ ይከተለዋል። እኛ መሬቱን እያጠበብን ከቀሪው ላይ እየነቀልን ማምጣት አያምርም።

እና አንድ የሚያብብ ጅብራ መንቀል ማለት ዓመታት የተጠራቀመውን ዘር መንቀል ነው። ቅድም ለጋሼ ያልኩት ሂሳብ ይሄው ነው።

ኔትወርክ_የለም
ረቡዕ፣ 4፡31

3.4? አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት።

እማማ_ችግኝ
ረቡዕ፣ 5፡00

ልጆች፣ እኔ ሽሮ ሜዳ ችግኝ ስሸጥ ብዙ ዓመቴ ነው። እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ቃጫን ጅብራ ብሎ መሸጥ የሙያ ነውር ነው፤ ማንም ይሁን።

የቸርችሏ ልጄ፣ አለቃሽ የሚፈልጉት ቁመትና ግርማ ነው አይደል? እኔ ብሆን እንሰት ነው የምተክለው። ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ባለጉዳይ ያየዋል። ኮሶ ካላችሁም ይሆናል፣ ግን ዛፍ ነውና ሥሩን አስቡበት፤ ግድግዳ ሥር አይሆንም።

ካዛንቺስ_ነባር
ረቡዕ፣ 5፡10

እንሰት ይሁን። ሲያድግ ቆጮ እንበላለን።

አፈር_ገፊ
ረቡዕ፣ 5፡25

እማማ ትክክል ናቸው። እኔ አንድ ልጨምር። አለቃሽ «ጅብራ ካልሆነ» ካሉ፣ የእሱ የቆላ ዘመድ አለ። ቆላ ስል ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ሎቤሊያ ጊቤሮአ ይባላል። የአገራችን ሰው እሱንም ጅብራ ነው የሚለው። የደን ዳርና የጅረት ዳር ተክል ነው፣ ጥላና እርጥበት ይወዳል። ኬንያም ኡጋንዳም አለ። እኛ ጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ አለ። ቅጠሉ ሰፋ ይላል፣ ዘንጉ ቀጠን ብሎ ይረዝማል። እንደ ሪንኮፔታለም የተጋነነ ግርማ የለውም፣ ውርጭም ብዙ አይችልም። ግን የአዲስ አበባን ከፍታ አይፈራም።

ቸርችል ላይ ይይዛል? ቦታው ይወስነዋል። መደቡ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው ወይስ ጥላ አለው? አፈሩ ከግንባታ የተረፈ ጠጠርና ሲሚንቶ ከሆነ መጀመሪያ ይቀየር። በጋ ላይ ውሃ መቋረጥ የለበትም። ደግሞ ዘሩ ከሕጋዊ ቦታ ይምጣ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄደሽ ብትጠይቂ አይከፋም፤ 700 ሄክታር የሚያህል ቦታ ነው፣ ሥራቸውም አገር በቀል ዕፅዋት ነው።

የቸርችሏ
ረቡዕ፣ 6፡05

ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ ነው፤ ጎን ያለው ሕንፃ ይጋርደዋል። አፈሩ ያልከው ነው፣ አካፋ ስናስገባ ቁራጭ ሴራሚክ ወጣ።

እማማ_ችግኝ
ረቡዕ፣ 6፡12

አንድ ክንድ ይቆፈር፣ ሁሉም ይውጣ። ጥቁር አፈርና በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ እንዳታስገቡ፣ ሥር ያቃጥላል። ከዚያ ስለ ተክሉ እናወራለን።

ሸገር_በእግሩ
ረቡዕ፣ 8፡30

እና ዋናውን ጅብራ ማየት ለሚፈልግ፦ ከመሀል አዲስ አበባ ተነሥቶ መኪና ውስጥ ሆኖ ሊያየው የሚችለው ሰነቲ ላይ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲያልቅ ጅብራው ይጀምራል። ሜዳው ላይ ተበታትነው ቆመዋል፣ ግማሾቹ ደርቀው ጠቁረዋል፣ ግማሾቹ ገና ራሳቸው ብቻ ከመሬት የወጣ። ወፍራም ጃኬት ይያዝ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ራስ ምታት ይይዛል፣ ቶሎ ቶሎ አትራመዱ።

ቅርብ የሚሆነው የመንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ደግሞ ደስ የሚለው መሬቱን የሚጠብቀው ሕዝቡ ራሱ መሆኑ ነው። ቄሮ በሚሉት የቆየ ሥርዓታቸው ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ሣሩን ያጭዳሉ። በዚያ ምክንያት ነው ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ጅብራውም እስካሁን ያለው። ግን ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ይሄን ሳልል ብቀር እናቴ ትቆጣኛለች።

ደባርቄው
ረቡዕ፣ 8፡41

ሰሜንም መንገዱ ደህና ሲሆን ኑ። እኔ ዘመድ አለኝ፣ ቡና አይጠፋም።

ኔትወርክ_የለም
ረቡዕ፣ 8፡50

ባሌ ከሆነ ያ ቀይ ቀበሮ አበባ የሚልሰውስ እዚያ አይደል? ቪዲዮ አይቼ ነበር፣ ውሸት መስሎኝ።

አፈር_ገፊ
ረቡዕ፣ 9፡05

እውነት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው፣ ባሌ ላይ። አበባው ግን ጅብራ አይደለም፤ ቀይና ቢጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚወጣው፣ ኒፎፊያ የሚባለው ነው። ቀበሮው ወለላውን እየላሰ ከአበባ አበባ ይዞራል፣ አፍንጫው በብናኝ ይቢጫል። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ 30 አበባ ድረስ ጎብኝቷል። ሥጋ በል እንስሳ የአበባ ዘር እያዳቀለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንዲያውም የቸርችሏ፣ ከጊቤሮአው ግርጌ ይሄን አበባ ብትተክሉት ያምራል። የአዲስ አበባን ብርድ የለመደ ነው።

የቸርችሏ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡15

አለቃችን ፈቀዱ። ቁፋሮው ቅዳሜ ነው። መሀል ላይ ሁለት ጊቤሮአ ከተገኘ፣ ካልተገኘ እንሰት፤ ዙሪያውን ኒፎፊያ። ካላንደሩ ደግሞ ዘመኑ ሲያልፍም ከግድግዳው እንዳይወርድ ብለዋል። ቃጫውን የጽዳት ሠራተኛችን ወሰደችው፣ አጥር ላይ ልተክለው ነው አለች።

እማማ፣ ጥቁር አፈርና የበሰለ ፍግ እርስዎ ጋ አለ? ዋጋው ስንት ነው?

እማማ_ችግኝ
ሐሙስ፣ 4፡22

አለ ልጄ። ዋጋ በውስጥ መስመር።

አወያይ
ሐሙስ፣ 4፡30

እማማ፣ ሽያጭ በዚህ ክፍል አይፈቀድም፣ «ገበያ» የሚለው ውስጥ ይለጥፉት። የቸርችሏ፣ ከተተከለ በኋላ ፎቶ አምጪ። ደብዛዛ እንዳይሆን።

ካዛንቺስ_ነባር
ሐሙስ፣ 4፡34

ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው ቁፋሮው? መጥቼ ልገተር።